የውሻ ፊዚዮቴራፒ ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ውሻ ባጃጅ ከገጨው ወይ ይታሰርና «ራሱ ይድናል» ይባላል፣ ወይ የሰፈር ወጌሻ ይጠራለታል። ሌላም መንገድ አለ፤ የተጎዳውን መገጣጠሚያ፣ ጅማትና ጡንቻ በተመጠነ እንቅስቃሴ፣ በእሽት፣ በሙቀትና በበረዶ ወደ ሥራው መመለስ። ሰው ላይ ፊዚዮቴራፒ የምንለው ማለት ነው።

ውሻ ሲያመው እግሩን አንጠልጥሎ በሦስቱ ይሄዳል፤ ለዚህ ጎበዝ ነው። ግን ያልረገጠበት እግር ጡንቻው በሳምንታት ውስጥ ይከሳል፣ መገጣጠሚያውም ይደርቃል። ከኋላው ቆማችሁ ሁለቱን ታፋዎች በሁለት እጃችሁ ያዙ፤ የከሳው ወዲያው ይታወቃችኋል። ጤነኛው እግር ደግሞ የሌላውን ሸክም ደርቦ ይይዛል። የአንድ ጉልበቱ ጅማት የተበጠሰ ውሻ ሁለተኛውም ሲበጠስበት ብዙ ጊዜ ይታያል።

በውጭ አገር ክሊኒኮች ውሃ ውስጥ የሚሠራ የመራመጃ ማሽን አለ። ውሃው ዳሌው ጋ ሲደርስ እግሮቹ የሚሸከሙት ከክብደቱ ግማሽ በታች ነው፤ ሳያመው ይራመዳል። (ቦርከና ወንዝ ውስጥ ልንከረው የምትሉ ግን ይቅርባችሁ። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ውሃውም ንጹሕ አይደለም።)

ደሴ በነጻ የሰጠችን ዳገት ነው። ውሻ ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ እግሮቹ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ወደ ፊተኞቹ። ስለዚህ የኋላ እግሩ ለደከመ ውሻ፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ በአጭር ገመድ ይዞ ዳገት ማስወጣት ጥሩ ስፖርት ነው። ለመጀመሪያ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ነገር ቀስ ማለት ነው፤ ከፈጠነ ያችን እግር አንጠልጥሎ ይሸውዳችኋል። በማግስቱ ማንከሱ ከባሰ በዝቷል ማለት ነው፣ ቀንሱ። የፊት እግሩ ከሆነ የታመመው ከቁልቁለት አርቁት።

ቤት ውስጥ ደግሞ ብርድ ልብስ ላይ በጤነኛው ጎኑ አስተኙት። የታመመውን እግር ከጉልበቱ በላይና በታች ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጠፍ፣ ዘርጋ፤ አሥር ጊዜ ያህል፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ። አንገቱን አዙሮ እጃችሁን ካየ ወይም እግሩን ከሳበ እዚያው አቁሙ። የሚያመው ውሻ ጌታውንም ይነክሳል። አዲስ ጉዳት ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ፣ አሥር ደቂቃ ያህል። ለቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ግን ለብ ያለ ፎጣ ነው የሚሻለው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሲሚንቶ ላይ ያደረ ሽማግሌ ውሻ ጠዋት እንደ እንጨት ደርቆ ነው የሚነሳው። ጆንያ አንጥፉለት። ከወፈረም ፍርፋሪውን ቀንሱበት።

ይህ ሁሉ ግን ከምርመራ በኋላ ነው። የተሰበረ አጥንት አይታሽም፣ አይጎተትም። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይየው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል፤ ጠይቁ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከቤት አንስታችሁ እንዳትሰጡት። ጨጓራውን ያደማዋል፣ ኩላሊቱን ይጎዳዋል። ማስታገሻ ካስፈለገው ሐኪሙ በክብደቱ መጠን ያዝለታል።