ሬይኒስፍያራ፦ ስለ ጥቁሩ የባሕር ዳርቻ በስሕተት የሚወሩ ነገሮች

አይስላንድ የሄደ ሰው ፎቶ ለጥፎ የሚያስቀናበት አንድ ጥቁር የባሕር ዳርቻ አለ። ሬይኒስፍያራ ይባላል። ከዋና ከተማዋ ከሬይክያቪክ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ፣ ቪክ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ውበቱ ልብ ይሰርቃል። ግን ሰው ይወስዳል። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2016፣ በ2017፣ በ2021 እና በ2022 ጎብኚዎች ሞተውበታል፤ በኦገስት 2025 ደግሞ የአንድ ልጅ ሕይወት አልፎበታል። ሰዎች ስለ ቦታው ሲያወሩ የምሰማው ነገር ስለሚያስጨንቀኝ ነው ይህን የምጽፈው።

«እኔ ውኃ ውስጥ አልገባም፣ ምን ያገኘኛል?» ትልቁ ስሕተት ይሄ ነው። እዚያ የሚወሰደው በብዛት ዋናተኛ አይደለም። አሸዋው ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚንሸራሸር ሰው ነው። ባሕሩ ያላችሁበት ድረስ ይመጣል።

«ማዕበሉን እያየሁ እሸሻለኋ!» የሚለው ደግሞ ይከተላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከሬይኒስፍያራ ቀጥ ብላችሁ ወደ ደቡብ ብትጓዙ እስከ አንታርክቲካ የሚያግዳችሁ አህጉር የለም፤ ስለዚህ አትላንቲክ መሐል በዐውሎ ነፋስ የተነሳ ማዕበል ጉልበቱን እንደያዘ ረጅም መንገድ ተጉዞ ይደርሳል፣ እናንተ ጋ ነፋስ ባይኖርም፣ ፀሐይዋ ብታበራም። አንዱ ሞገድ በሌላው ላይ ሲደረብ ከሌሎቹ በጣም የሚበልጥ ይፈጠራል። የባሕሩ ወለል ደግሞ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ስለሚወርድ ማዕበሉ ሳይደክም ነው አሸዋው ላይ የሚወጣው። አስር ትንንሽ ሞገዶች ትቆጥራላችሁ። ነጩ አረፋ ከጫማችሁ አምስት እርምጃ ርቆ ሲመለስ፣ ጠጠሩ ኮሽ ኮሽ እያለ አብሮት ሲንከባለል ታያላችሁ። «በቃ እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው» ትላላችሁ። የሚቀጥለው ጉልበታችሁ ላይ ነው። ጉልበት ድረስ ብቻ ቢሆንም ይጥላል፤ ውኃው ሲመለስ ከእግራችሁ ሥር ያለውን አሸዋ ይዞት ስለሚሄድ የምትቆሙበት ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከእርጥቡ አሸዋ በደንብ ራቁ፣ ለባሕሩ ጀርባ አትስጡ፣ የልጅ እጅ አትልቀቁ። ባሕሩን ከኋላ አድርጋችሁ ፎቶ መነሳት የግድ ካማራችሁ ከላይ፣ ከመመልከቻው ላይ ተነሱ። እውነቴን ነው፣ ከዚያም ያምራል።

«ዋና እችላለሁ» የሚልም አለ። የአይስላንድ ባሕር በበጋም ቀዝቃዛ ነው። እንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ድንገት የገባ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል። በዚያች ቅጽበት ማዕበል ከላዩ ካለ የሚስበው ውኃ ነው። ጃኬቱ ይከብዳል፤ ጫማው አሸዋ ይሞላል። ገንዳ ውስጥ የተማራችሁት ዋና እዚህ ብዙም አያድናችሁም።

መግቢያው ላይ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳና መብራት አለ። ቀይ ሲበራ ወደ ታች አይወረድም፣ አለቀ። ሰው የሚሳሳተው ቀይ ሳይበራ ሲቀር ነው፤ ፈቃድ የተሰጠው ይመስለዋል። መብራቱ የሚናገረው ስለ ዕለቱ የአደጋ መጠን ነው። ስለሚቀጥለው ሞገድ ምንም አያውቅም።

«አሸዋው ተቃጥሎ ነው የጠቆረው» ለሚሉ፦ አይደለም። ባዛልት የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ራሱ ጥቁር ነው፣ ባሕሩ ፈጭቶት ነው አሸዋ የሆነው።

ከዚሁ ባዛልት የተሠሩት ዓምዶችም አሉ። ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ፣ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ የሠራቸው ናቸው፤ እንደ ደረጃ ስለተደረደሩ ውጡብኝ ውጡብኝ ይላሉ። አጠገባቸው ዋሻ አለ። «እዚያ ጥግ ውኃው አይደርስብንም» ይባላል። ባሕሩ ሲነሳ ግን ከፊት ውኃ፣ ከኋላ ገደል ነው፤ መውጫ የለም። ከላይም ድንጋይ ይወርዳል። በኦገስት 2019 ከተራራው ትልቅ ናዳ ወርዶ የዳርቻው ምሥራቃዊ ክፍል ተዘግቶ ነበር።

የመጨረሻው፣ ከደግነት የሚመጣው ነው፦ «ሰው ሲወሰድ ካየሁ ዘልዬ አወጣዋለሁ»። አትግቡ። ያንኑ ማዕበል፣ ያንኑ ብርድ ነው የምታገኙት፤ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 112 ደውሉ። ከዚያ ዓይናችሁን ከሰውየው ላይ ሳትነቅሉ፣ ያለበትን በጣታችሁ እያመለከታችሁ ቆዩ። ነፍስ አዳኞቹ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «የት ነው ያያችሁት?» ብለው ነው።