ባትሪው ሙሉ፣ በሩ ዝግ፦ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና በጅማ የሚባለውና እውነታው

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በጅማ መንገዶችም ከባጃጆቹ መሐል ድምፅ አልባ መኪናዎች መታየት ጀምረዋል። አብዛኞቹ ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ወሬው ሁሉ ስለ ትልቁ ባትሪ ነው፦ ይፈነዳል፣ ይሞታል፣ ዋጋው ከመኪናው ይበልጣል። ሰውን መንገድ ላይ የሚያስቀሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንንሾቹ ናቸው፦ የበር እጀታ፣ የጫማ ሳጥን የምታክል ባትሪ፣ የላላ የሶኬት ብሎን።

«ቻርጁ 80 በመቶ እያለ መኪናው እምቢ ሊል አይችልም»

ይችላል። በኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ሁለት ባትሪ አለ። ጎማውን የሚያዞረው ትልቁ ነው፤ መብራቱን፣ ስክሪኑን፣ የበሩን መቆለፊያና ኮምፒውተሮቹን የሚያሠራው እንደ ማንኛውም መኪና 12 ቮልቱ ነው። መኪናው ሲጠፋ ትልቁ ባትሪ ኮንታክተር በሚባል ከባድ ማብሪያ ማጥፊያ ከሌላው ሁሉ ተቆርጦ ያድራል። ጠዋት ኮንታክተሩን መልሶ የሚያገናኘው የ12 ቮልቱ ጉልበት ነው። እሱ ከደከመ ትልቁ ሞልቶ ቢተርፍም መውጫ የለውም።

12 ቮልቱን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመ ዕቃ ነው፦ ቀን ከሌት የሚቀርጽ ካሜራ፣ ጂፒኤስ፣ ተጨማሪ አላርም። ሌላው መኪናውን ሳያስነሱ ሬዲዮ ከፍቶ መቀመጥ ነው። ዳሽቦርዱ ላይ «ሬዲ» የሚለው ምልክት (ቢዋይዲ በተባሉት የቻይና መኪናዎች «ኦኬ») ካልበራ ትልቁ ትንሹን እየሞላው ነው ብለው አይመኑ። ቴስተር ካለ መለካት ቀላል ነው። ባትሪው የተለመደው የአሲድ ዓይነት ከሆነ፣ አድሮ 12.6 ቮልት አካባቢ ሲያሳይ ጤነኛ ነው፤ ከ12.2 በታች ከወረደ ግማሹ ሄዷል። «ሬዲ» በርቶም ወደ 14 ካልተጠጋ፣ ጥፋቱ ያለው ከትልቁ ወደ ትንሹ በሚያስተላልፈው መቀየሪያ ላይ ሊሆን ይችላል። በብዙ ቢዋይዲዎች 12 ቮልቱም ሊቲየም ስለሆነ ከሱቅ የተገዛ የአሲድ ባትሪ በቦታው መተካት ስህተት ነው።

እጀታው ከበሩ ጋር ተስተካክሎ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ችግሩ የባሰ ይታያል፤ ኃይል ሲያጣ አይወጣም። ሪሞቱን ገልብጠው ጎኑ ላይ ያለችውን መጫኛ ሲገፉ ጠፍጣፋ የብረት ቁልፍ ይወጣል። ቀዳዳው በሹፌሩ በር እጀታ በኩል ነው፤ አንዳንዴ ጥፍር በምታስገባ ትንሽ ክዳን ተሸፍኗል። ይህን በጨለማና በዝናብ መፈለግ ከባድ ስለሆነ ዛሬውኑ በቀን ብርሃን አንዴ ይሞክሩት። በብዙ ሞዴሎች የፊት በር ከውስጥ እጀታው ደጋግሞ ሲሳብ ያለ ኤሌክትሪክ ይከፈታል። የኋላው መክፈቻ ግን በበር ኪስ ስር ተደብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ፈልገው ያግኙትና ልጆችን ያሳዩ።

ማስነሳቱ ከነዳጅ መኪና ይቀላል፤ የሚዞር ሞተሪኖ ስለሌለ የሚፈለገው ኮምፒውተሮቹን የሚቀሰቅስ ትንሽ ኃይል ብቻ ነው። ጤነኛ የባጃጅ 12 ቮልት ባትሪ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ቀዩን ካቦ ከፖዘቲቭ ጋር፣ ጥቁሩን ካቦ ቀለም ከሌለው የሻንሲ ብረት ጋር ያገናኙ፤ «ሬዲ» ሲበራ ካቦውን ፈትተው መኪናውን ለአንድ ሰዓት ያህል እንደበራ ይተዉት። ከአይሱዙ የጭነት መኪና አያስነሱ፤ ሲስተሙ 24 ቮልት ስለሆነ ኮምፒውተሮቹን ያቃጥላል። በእርስዎ መኪናም የሌላ ሰው ነዳጅ መኪና አያስነሱ፤ ሞተሪኖው የሚፈልገውን መቶዎች አምፔር መቀየሪያው አይችለውም።

ከአምራቾች መጀመሪያ የምንጠብቀው ማሻሻያ ይህ ነው፦ በእጅ የሚያዝ፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚከፍት እጀታ። ቻይናም እ.ኤ.አ. ከ2027 መጀመሪያ አንሥቶ አዳዲስ ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም ሜካኒካል መክፈቻ እንዲኖራቸው የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። እስካሁን ለገቡት ግን መድኃኒቱ ያቺ ጠፍጣፋ ቁልፍ ናት።

«በጅማ ዝናብ ቻርጅ ማድረግ ራስን መግደል ነው»

ጅማ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ይህ እውነት ቢሆን መኪናው ክረምቱን ሙሉ አይሞላም ነበር። የቻርጅ መሰኪያው ውስጥ ካሉት ፒኖች ሁለቱ ቀጫጭኖቹ የመገናኛ ናቸው። መኪናውና ቻርጀሩ በእነሱ በኩል «ተገናኝተናል፣ ደህና ነው» እስኪባባሉ ድረስ ወፍራሞቹ ፒኖች ኤሌክትሪክ የላቸውም። ሲነቅሉም መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል።

አደጋው ያለው በሌላኛው ጫፍ፣ በግድግዳው በኩል ነው። የግቢ ሶኬት ውኃ ይገባዋል፤ የቻርጀሩ ሳጥን መሬት ላይ ከተተወ ኩሬ ውስጥ ያድራል። ሳጥኑን ከአንድ ሜትር በላይ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ሶኬቱ ክዳን ያለውና ከጣሪያ በታች ይሁን። ላቫጆ ላይ ደግሞ የግፊት ውኃውን በቻርጅ ወደቡ ላይ በቅርብ እንዳይለቁበት ይንገሩ። ከወደቡ ስር ያለችው የውኃ መውረጃ ቀዳዳ በጭቃ ስትደፈን እርጥበቱ ይቀራል፤ ቻርጀሩም ስህተት እያሳየ እምቢ ይላል።

«እንደ ስልክ ነው፣ የትም ሶኬት ይሰካል»

ስልክ የሚስበው በጣም ትንሽ ነው። ትንሹ ቻርጀር ግን 10 አምፔር፣ ማለትም 2.2 ኪሎ ዋት፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ይስባል። የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ሽቦው ሳይሆን በሶኬቱ ውስጥ የላላው ብሎን ያለበት ቦታ ነው። ቻርጅ ከጀመረ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የእጅዎን ጀርባ መሰኪያው ላይ ያስጠጉ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የሚያስነሳ ከሆነ ወይም ነጩ ፕላስቲክ ቡናማ ከሆነ ወዲያው ብሬከሩን አጥፍተው ሶኬቱን ይቀይሩ። በማከፋፈያ መሰካት ፈጽሞ አይገባም።

ከቆጣሪው ራሱን የቻለ መስመር ያሠሩ፦ ለ16 አምፔር 4 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ እንዲሁም ወደ መሬት የሚፈስ ኤሌክትሪክ ሲኖር በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ። ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀርና የእንጀራ ምጣድ አንድ ላይ ከሠሩ 11 ኪሎ ዋት ይጠጋል፤ ምጣዱ ቀን፣ ቻርጁ ሌሊት ይሁን።

ብዙ ቤቶች ግራውንድ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) የላቸውም፤ ቻርጀሩም ይህን አውቆ ቀይ መብራት ያበራል። እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት ገዳይ ነው፦ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ግራውንዱን ከኒውትራል (ከኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) ጋር ያያይዘዋል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ መኪናውም ይሞላል። ከውጭ የሚመጣው ኒውትራል የተቋረጠ ቀን ግን የመኪናው ቆርቆሮ ሁሉ 220 ቮልት ይሆናል፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የነካ ሰው ይያዛል። ትክክለኛው መንገድ መሬት ውስጥ የሚቀበር የ1.5 ሜትር የመዳብ ዘንግ ነው።

«ቁልቁለቱ ይሞላል፣ ስለዚህ ጊቤ ትርፍ ነው»

ይሞላል፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እየያዘ ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ያወጡትን ያህል ግን አይመልስም። ሁለት ቶን መኪና 800 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ለከፍታው ብቻ 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ይህም በሜዳ 27 ኪሎ ሜትር ያህል የሚያስኬድ ነው። ከጊቤ ድልድይ ወደ ወልቂጤ ያለው ከፍታ በዚህ ልክ ነው፣ ርቀቱም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ባለ 60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ለዚህ ብቻ 16 በመቶ አካባቢ ይበላል። ስለዚህ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ ድልድዩ ላይ ቢያንስ 25 በመቶ ይዘው ይድረሱ።

አሳሳቹ ስክሪኑ ነው። «የቀረ ርቀት» የሚለው ቁጥር የሚሰላው በቅርቡ ከነበረው ፍጆታ ነው። ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ቁጥሩ ያብጣል፤ ዳገቱን ግን አላየውም። በኪሎ ሜትሩ ሳይሆን በመቶኛው ይነዱ። ወደፊት ያለውን ዳገት አስቦ የሚያሳይ ስሌት በእያንዳንዱ መኪና ሊኖር ይገባል።

ሌላም አለ። ጅሬን አናት ላይ 100 በመቶ ሞልተው ወደ ከተማ ቢወርዱ ባትሪው የሚመለሰውን ኃይል መቀበያ ቦታ የለውም፤ መኪናው እንደለመዱት ራሱን አይዝም። ብልሽት አይደለም። ፍሬኑን ይጠቀሙ፣ ወይም 90 ላይ ያቁሙት።

«ስኮርታውን ሰርቀው ነው የሸጡልኝ»

ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡም ስኮርታ የላቸውም። የሚሰጠው ትንሽ ኮምፕረሰርና የማሸጊያ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ በጎማው መሬት በሚነካው ክፍል ላይ ሚስማር የበሳውን፣ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያለውን ቀዳዳ ይይዛል። ጎኑ በድንጋይ ከተቀደደ ምንም አይረዳም፤ በሰኮሩና በአሰንዳቦ መካከል የሚያስፈልግዎ ደግሞ ጎማ እንጂ ፈሳሽ አይደለም። የብሎን ቀዳዳው ብዛትና ርቀት፣ የመሐሉ ቀዳዳና የጎማው ጠቅላላ ቁመት የሚገጥም ስኮርታ ገዝተው፣ ሻንጣ ቤት ውስጥ በቀበቶ አስረው ይያዙ።

ጎሚስታው ክሪኩን የት እንደሚያስገባም ይመልከቱ። ከበሩ ስር ባለው ጠርዝ ላይ ምልክት የተደረገባቸው ቦታዎች አሉ። ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው ጠፍጣፋ ሆድ የባትሪው ሳጥን ነው፤ ክሪክ ካጎደጎደው ጥገናው ከመቶ ጎማ ይበልጣል።

«100 በመቶ መሙላት ባትሪ ይገድላል»

እንደ ባትሪው ዓይነት ነው። ኤልኤፍፒ (ሊቲየም አይረን ፎስፌት) ከሆነ በሳምንት አንዴ እስከ 100 መሙላት ይመከራል፤ የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች ብዙ ስለማይለወጥ ኮምፒውተሩ መቶኛውን የሚያስተካክለው ሲሞላ ነው። ኤንኤምሲ (ኒኬል፣ ማንጋኒዝና ኮባልት ያለበት) ከሆነ ለዕለት 80 ይበቃል፤ 100 ለመንገድ ዋዜማ ብቻ።

«ፍሬኑ ስለማይነካ አያልቅም»

ሸራው ቶሎ አያልቅም፣ ዲስኩ ግን በእርጥበት ይዝጋል። በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ ከኋላ መኪና በሌለበት፣ ጠንከር አድርገው ይያዙ።

«በገመድ ይጎተታል»

ኃይል የሚያገኙት ጎማዎች መሬት ላይ እየዞሩ ከተጎተተ ሞተሩ ጄኔሬተር ሆኖ ራሱን ሊያቃጥል ይችላል። አራቱም ጎማ ከመሬት ተነሥቶ በሎቤድ ይጫን።

«ቻይንኛውን በሶፍትዌር ማስቀየር ቀላል ነው»

ምንጩ ያልታወቀ ሶፍትዌር ሲጫን የኋላ ካሜራው ወይም ቻርጅ ማድረጊያው ሊሰናከል ይችላል። ቋንቋ ከመንካትዎ በፊት እያንዳንዱን የምናሌ ገጽ በስልክ ፎቶ ያንሡ። ምናሌው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ቢመጣ የብዙ ሹፌር ጭንቀት ይቀል ነበር፤ የመስታወት እንፋሎት ማጥፊያው ደግሞ ከስክሪን ወጥቶ በጣት የሚዳሰስ ቁልፍ ቢሆን ይሻላል። በሐምሌ ዝናብ መስታወቱ ከውስጥ በሰከንዶች ይሸፈናልና፣ ገና ቆመው ሳሉ ትዕዛዙን በስክሪኑ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስቀምጡት።