የፋንታሲ ልቦለድ አድናቂዎች ለምን ለዓመታት አብረው ይዘልቃሉ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደሴ ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ ባሉ ቡና ቤቶች ተማሪዎች ስለ አንድ የፋንታሲ ገጸ ባሕርይ ሲሟገቱ የሚሰማ ጎልማሳ፣ ነገሩን ጊዜ ማባከኛ አድርጎ ማለፍ ይቀናዋል። አንዳንድ ድንቅ ታሪኮች የሚጽፍ፣ የሚሰበሰብና የሚረዳዳ አንባቢ ሲያፈሩ ሌሎቹ ተነበው የሚረሱበትን ምክንያት ሲጠየቅም የችኮላ መልስ ይሰጣል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እነዚህን መልሶች አንድ በአንድ እመረምራለሁ።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አድናቂን የሚሰበስበው ፊልምና ማስታወቂያ ነው።»

እውነታው፦ እንግሊዛዊው የቋንቋ ሊቅ ጄ. አር. አር. ቶልኪን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተባለውን ሥራውን በሦስት ቅጽ ያሳተመው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ነው። በእንግሊዝ የቶልኪን ማኅበር የተመሠረተው በ1969 ሲሆን፣ በፒተር ጃክሰን አዘጋጅነት የተሠሩት ሦስቱ ፊልሞች ለእይታ መቅረብ የጀመሩት ግን በ2001 ነው። ማኅበሩ ፊልሞቹን ከ30 ዓመት በላይ ቀድሟቸዋል። ፊልም የአድናቂውን ቁጥር ያበዛል፤ ሰዎቹን ያቆያቸው ምክንያት ግን ሌላ ነው።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ደራሲው ምናባዊውን ዓለም ምንም ሳያስቀር አብራርቶ ስለሚጨርስ ነው።»

እውነታው፦ ይህ ግማሹ እውነት ስለሆነ ከሁሉም ይልቅ ያሳስታል። የጸና ሕግ በእርግጥ ያስፈልጋል። ቶልኪን ታሪኩን መጻፍ ከመጀመሩ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ኋላ ኤልፎች የተባሉ ምናባዊ ፍጡራን መነጋገሪያ ያደረጋቸውን ቋንቋዎች ከነሰዋስዋቸው ሲፈጥር ቆይቷል፤ የዘመን አቆጣጠር፣ የነገሥታት የትውልድ ሐረግና ካርታም አዘጋጅቶላቸዋል። አንባቢው ታሪኩን እንዲያምነው ያደረገው ይህ ጥንቃቄ ነው። አድናቂዎቹን ያሟገታቸው ግን የተነገረው ሳይሆን ሳይነገር የቀረው ነው። ባልሮግ የተባለው የእሳትና የጥላ ፍጡር በአንድ ድልድይ ላይ ከአስማተኛው ጋንዳልፍ ጋር ሲፋጠጥ፣ ደራሲው መጀመሪያ የፍጡሩ ጥላ እንደ ሁለት ሰፋፊ ክንፎች መዘርጋቱን ይጽፋል፤ ጥቂት ዝቅ ብሎ ደግሞ ክንፎቹ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው መዘርጋታቸውን ይናገራል። ታዲያ ባልሮግ ክንፍ አለው ወይስ የለውም? በዚህች አንዲት ጥያቄ ላይ አንባቢዎች ለአሥርት ዓመታት ተከራክረዋል፤ አንዱ ዓረፍተ ነገሩን በሰዋስው ይተነትናል፣ ሌላው ክንፍ ካለው ወደ ገደሉ ሲወድቅ ለምን አልበረረም ብሎ ይጠይቃል፣ ሦስተኛው የደራሲውን ረቂቆች ያገላብጣል። ቶም ቦምባዲል የተባለው ገጸ ባሕርይ ምሥጢሩ ሳይፈታ የቀረው ሆን ተብሎ እንደሆነም ቶልኪን በ1954 በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል። በእኔ እምነት የጉዳዩ እምብርት ይህ ነው፦ ሕጉ የጸና፣ ክፍተቱ ግን ሰፊ የሆነ ታሪክ ለአንባቢው ሥራ ይተውለታል፤ ያ ሥራ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚጨርሰው ስላልሆነ ሌሎችን ይፈልጋል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አድናቂዎቹ ከእውነተኛው ኑሮ የሸሹ ናቸው።»

እውነታው፦ የሃሪ ፖተር አንባቢዎች በ2005 አሜሪካ ውስጥ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሃይቲ በ2010 በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ እነዚህ አንባቢዎች ከ120,000 ዶላር በላይ አሰባስበው የሕክምና ቁሳቁስ በአውሮፕላን እንዲደርስ አድርገዋል። በእኛ አቆጣጠር በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሀብ የሚያስታውስ የወሎ ሰው፣ በጊዜው የደረሰ እርዳታ ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም። በግፍ ላይ ስለሚነሡ ልጆች ለዓመታት አብሮ ያነበበ ሰው፣ ስለ እውነተኛው ግፍ ከጓደኞቹ ጋር ለመነጋገርና አብሮ ለመነሣት ይቀለዋል፤ ይህን ሽሽት ማለት አይገባም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «አድናቂዎች በሌላ ሰው ገጸ ባሕርያት የሚጽፉት ታሪክ ስርቆት ነው።»

እውነታው፦ የታተመ መጽሐፍን ቀድቶ መሸጥ ስርቆት ነው፤ አዲስ ታሪክ ጽፎ በነፃ ማካፈል ግን ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። ወሎዬ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት የሚያዜም ሰው ቅኝቱን ከአባቶቹ ይቀበላል፣ ስንኙን ግን ከራሱ ያወጣል፤ አድማጩም ቅኝቱን ስለሚያውቀው አዲሱ ስንኝ ላይ ይፈርዳል። የአድናቂ ጽሑፍም የሚነበበው እንዲሁ ነው፤ አንባቢው ገጸ ባሕርዩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ጀማሪውን ጸሐፊ በቅርብ ያርመዋል፣ ያበረታታዋል። እንዲህ ያሉ ጽሑፎችን ያለ ማስታወቂያ በፈቃደኞች ጉልበት የሚያከማቸውና በ2009 ሥራ የጀመረው «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» የተባለ ድረ ገጽ በ2019 ለሳይንስና ለፋንታሲ ልቦለድ ዘርፍ የሚሰጠው የሂዩጎ ሽልማት ተሰጥቶታል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ «ይህ የፈረንጅ ነገር ነው፤ የእኛ አንባቢ የተሰጠውን ተቀባይ ነው።»

እውነታው፦ በወሎ የሚገኘውን የሐይቅን ውሃ አፈጣጠር የሚተርክ አንድ አፈ ታሪክ አለ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ግፍ ሲደርስባት ምድሩ በውሃ ተጥለቀለቀ፣ እርሷ የተቀመጠችበት ስፍራ ግን ደረቅ ሆኖ ቀረ ይላል። ይህን ታሪክ ለወጣቶች ስነግር ሁልጊዜ ጥያቄ ይከተላል፤ ማን በደላት፣ ፍርዱስ ለምን ያልበደለውን ጎረቤት ጨመረ? ተቀባይ ብቻ የሆነ ሰው እንዲህ አይጠይቅም። የሚጎድለን ከእንዲህ ያለ መነሻ ተነሥተው የጸና ሕግ ያለው ምናባዊ ዓለም የሚገነቡ የአማርኛ ልቦለዶች በበቂ ቁጥር መጻፋቸው፣ ከዚያም በወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ገብተው ብዙ ተማሪዎች አንዱን መጽሐፍ በአንድ ወቅት ማንበብ መቻላቸው ነው።