ዋስ የሆነልን ጌታ

በጎጃም ገጠር አንድ ሰው በሙግት ወይም በብድር ተይዞ «ዋስ ጥራ» ሲባል ዘመድ ወዳጁን በዓይኑ ይፈልጋል፤ የተጠራውም ሰው እሺ ከማለቱ በፊት በልቡ ብዙ ይመዝናል። ባለዕዳው ቃሉን ያከብራል? አዝመራው ሲገባ ይከፍላል ወይስ አገር ጥሎ ይጠፋል? መጽሐፈ ምሳሌም ለሌላ ሰው መዋስ ጉዳት እንደሚያመጣ ደጋግሞ ያስጠነቅቃልና ጥንቃቄው የሚነቀፍ አይደለም። ወደ ዕብራውያን የተላከው መልእክት ግን ጌታችንን «ለሚሻል ኪዳን ዋስ» ይለዋል፤ እርሱ የተዋሰን ይከፍላሉ ብሎ ተማምኖብን ሳይሆን መክፈል እንደማንችል እያወቀ ነው።

በብሉይ ኪዳን ይህን ነገር ከሁሉ አቅርቦ የሚያሳየኝ የያዕቆብ ልጅ ይሁዳ ነው። ዮሴፍን ለእስማኤላውያን እንሽጠው ብሎ የመከረው እርሱ ነበረ፤ ወንድማቸውም በ20 ብር ተሸጠ (ዘፍ. 37፥26-28)። ከብዙ ዘመን በኋላ ረኀብ ወደ ግብፅ ሲያወርዳቸው ያው ይሁዳ ስለ ብንያም በአባቱ ፊት ዋስ ሆነ። የአገሩ ገዥ የብር ጽዋ በብንያም ዓይበት (የእህል ከረጢት) ውስጥ በተገኘ ጊዜ ዋስትናው የአፍ ብቻ እንዳልነበረ ታየ፤ ዮሴፍ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ገዥው ቀርቦ የሽማግሌ አባቱን ኀዘን አንድ በአንድ ከተረከ በኋላ፣ በብላቴናው ፈንታ እኔ ባሪያ ሆኜ ልቅር፣ እርሱ ከወንድሞቹ ጋር ይውጣ ብሎ ለመነ (44፥33)። ልብ በሉ፤ ብንያም አባቱ አብልጦ የሚሳሳለት የራሔል ልጅ ነው፤ ዮሴፍንም ያሸጠው ከዚሁ አድልዎ የተነሣ ቅናት ነበር። አድልዎው እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ይሁዳ ነው። አንዱን ወንድሙን የሸጠ ሰው ለሌላው ወንድሙ ራሱን ሲሰጥ ማየት፣ ስለ ንስሐ ከሰማኋቸው ብዙ ስብከቶች ይልቅ እኔን ያስተምረኛል።

ይሁን እንጂ ይሁዳ ባሪያ ሆኖ አልቀረም። ዮሴፍ እንባውን መግታት ተስኖት ራሱን ገለጠ፤ ዋሱም ነጻ ወጣ። ይስሐቅም በበግ ተተክቶ ከተራራው ወርዷል። ከይሁዳ ነገድ በሥጋ ለተወለደው ጌታ ግን ምትክ አልተገኘለትም፤ ሐዋርያው «ለገዛ ልጁ ያልራራለት» ሲል የተናገረው ይህንኑ ነው (ሮሜ 8፥32)። ተገድዶም አይደለም፤ ነፍሱን በፈቃዱ እንደሚያኖራት እንጂ ማንም እንደማይወስድበት አስቀድሞ ተናግሯል።

በስቅለት ዕለት በደብረ ማርቆስም ሆነ በየገጠሩ አጥቢያ ምእመናን «ኪርያላይሶን» እያሉ ሲሰግዱ ይውላሉ። ሠርክ ላይ ግንባራቸው አፈር የለበሰ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው እናቶች ወደ ካህኑ ቀርበው ጎንበስ ይላሉ፤ የወይራው ቅጠል ጀርባቸው ላይ ሲያርፍ «ይፍቱኝ አባቴ» ብለው የታዘዙትን ተጨማሪ ስግደት ለመፈጸም እንደገና ይነሣሉ። አንዳንዶቻችን ግን (እኔ ይህ የሚያሳስበኝ ነገር ነው) የስግደቱን ቁጥር እንደ ክፍያ እንይዘዋለን። ዕዳውማ በመስቀል ላይ ተከፍሏል፤ የሚሰግደው የተከፈለለት ሰው ነው፤ ስግደቱም ንስሐውና ምስጋናው ነው።

የተከፈለለት ሰው ደግሞ ስለ ሌላው መክፈል ሊከብደው አይገባም። በአገራችን ደም የተቃቡ ቤተሰቦች በሽማግሌዎችና መስቀል በያዙ ካህናት ፊት ሲታረቁ ካሳውን በዳዩ ብቻውን ስለማይችለው ዘመድ ያዋጣል። እጁ ንጹሕ የሆነ ዘመድ «እኔ ምን አድርጌ?» ቢል ማንም በሙግት አይረታውም፤ ብዙ ጊዜም ይህን እያጉረመረምን እንሰጣለን። ሐዋርያው ጳውሎስ በእስር ቤት ሳለ አናሲሞስ ስለሚባል ባሪያ ወደ አሳዳሪው ወደ ፊልሞና መልእክት ሲልክ፣ የሌላው በደል እኔን አይመለከተኝም አላለም፤ በድሎህ ወይም ብድር ኖሮበት እንደ ሆነ በእኔ ላይ ቍጠረው፣ እኔ እመልሰዋለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈለት።