በካናቢስ የሚታገዝ አካል ተኮር የሥነ ልቦና ሕክምና ምንድን ነው?

በካናቢስ የሚታገዝ አካል ተኮር የሥነ ልቦና ሕክምና፣ ታካሚው በባለሙያ ፊት አነስተኛ መጠን ያለው ካናቢስ ወስዶ፣ ዕፁ በሚሠራባቸው ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ትኩረቱን በገዛ ሰውነቱ ላይ አድርጎ፣ በትንፋሹ፣ በጡንቻው፣ በሆዱና በደረቱ የሚሰማውን እየተከታተለ የቆየ ሕመሙን የሚመረምርበት ዘዴ ነው። ማሪዋና ወይም ጋንጃ በሚሉት ስሞች ይበልጥ የሚታወቀውን ይህን ዕፅ አብዛኛው ሰው የሚወስደው ለመዝናናት ወይም ሐሳቡን ለመርሳት ሲሆን፣ እዚህ ግን የሚፈለገው ሰውየው ሲሸሸው የኖረውን ስሜት በእርጋታ ቀርቦ እንዲያስተውለው ነው። ዘዴውን ሳይመረምሩ ከመናቅም ሆነ እንደ ፈውስ በጭፍን ከማመን ለመዳን፣ በውስጡ የተጣመሩትን ሁለት ነገሮች፣ ማለትም አካል ተኮር ሕክምናውንና ካናቢሱን፣ ለየብቻ ማየት ይጠቅማል።

አካል ተኮር ሕክምናው ከካናቢሱ ጋር ከመጣመሩ በፊት ረጅም ዕድሜ አስቆጥሯል። የሲግመንድ ፍሮይድ ተከታይ የነበረው ሐኪም ዊልሄልም ራይክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ሰው የሚያፍነው ቁጣና ሐዘን በጡንቻዎቹ ውስጥ እንደ ጥሩር ደንድኖ ይቀመጣል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ራይክ በኋለኛው ዘመኑ ሳይንስ ያልተቀበላቸውን ብዙ ነገሮች ቢናገርም፣ ይህ ሐሳቡ ግን በተከታዮቹ እጅ እየተሻሻለ ቀጠለ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፈላስፋ ዩጂን ጄንድሊን ደግሞ፣ ከሕክምና የሚጠቀሙ ሰዎች ከማይጠቀሙት የሚለዩት ገና ቃል ያላገኙለትን የሰውነት ስሜት ቆም ብለው ማድመጥ በመቻላቸው ነው ሲል ተከራከረ። በ1974 የቲቤት ቡድሂስቱ መምህር ቾግያም ትሩንግፓ በኮሎራዶዋ ቦልደር ከተማ በኋላ ናሮፓ ዩኒቨርሲቲ የሆነውን ተቋም ከፈተ፤ በ1981 ደግሞ የሥነ ልቦና ሐኪሙ ሮን ከርትዝ በዚያችው ከተማ፣ ተመስጦን ከአካል ተኮር ሕክምና ጋር የሚያጣምረውን የሃኮሚ ተቋም መሠረተ። የኮሎራዶ ሕዝብ በ2012 ካናቢስን ለአዋቂዎች የሚፈቅደውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በድምፁ ሲያጸድቅና በ2014 ሱቆች በይፋ መሸጥ ሲጀምሩ፣ ተመስጦንና የአካል ሕክምናን ለዓመታት ያጣመሩ ባለሙያዎች በአካባቢው ነበሩ። ዘዴው በተለይ በዚያ ግዛት ሥር መስደዱ ስለዚህ አያስገርምም።

ያለ ዕፅ የሚሰጠው አካል ተኮር ሕክምና ምን እንደሚመስል ካልታወቀ ካናቢስ የሚጨምረው ነገር አይገባም። አንድ ሰው ስለ አባቱ ሞት በተረጋጋ ድምፅ እየተናገረ ሳለ መንጋጋው ተጣብቆ፣ ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠግቶ፣ ትንፋሹም ከደረቱ በታች ሳይወርድ ሊቀር ይችላል። ባለሙያዋ "ለምን አላለቀሱም?" ብላ አትጠይቀውም፤ "አሁን መንጋጋዎ ላይ ምን ይሰማዎታል? ሙቀት ነው? ክብደት ነው? እንዲለሰልስ ሳይሞክሩ ጥቂት ቢቆዩበትስ?" ትለዋለች። ሰውየው እዚያው ሲቆይ አንዳንድ ጊዜ ጡንቻው ይንቀጠቀጣል፣ ረጅም ትንፋሽ ይወጣዋል፣ ወይም ያላሰበው ዕንባ ይመጣበታል። በዚህ መካከል ባለሙያዋ ትኩረቱን ከሚያስጨንቀው ቦታ ወደ ተረጋጋ የሰውነት ክፍል፣ ለምሳሌ መሬት ወደ ረገጠው እግሩ፣ እየመለሰች ታሳርፈዋለች። ሕክምናው የተመሠረተው በዚህ መመላለስ ነው፤ ታካሚው ስሜቱን በሚችለው መጠን ይነካዋል፣ ከዚያም ይመለሳል።

ካናቢስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የዕፁን ዋና ንጥረ ነገር ቲኤችሲን በ1964 ለይተው አወቃቀሩን ያሳወቁት እስራኤላውያኑ ተመራማሪዎች ራፋኤል መሹላምና የሂኤል ጋዖኒ ናቸው። በ1992 ደግሞ በመሹላም ቤተ ሙከራ የነበሩት ዊሊያም ዴቫንና ሉሚር ሃኑሽ፣ ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውንና ቲኤችሲ በሚያርፍበት በዚያው የአንጎል ተቀባይ ላይ የሚያርፈውን አናንዳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር አገኙ። ተቀባዮቹ ፍርሃትን፣ ትዝታንና እንቅስቃሴን በሚመሩት የአንጎል ክፍሎች በብዛት ይገኛሉ። ቲኤችሲ የወሰደ ሰው ጊዜ የቀዘቀዘ የሚመስለው፣ ትኩረቱ በአንድ ነገር ላይ ረጅም ጊዜ የሚያርፈው፣ የቆዳውና የጡንቻው ስሜት የሚጎላበትም በዚህ ምክንያት ነው። በዘዴው የሚሠሩ ባለሙያዎች እንደሚሉት፣ በአእምሮው ብቻ መኖር የለመደና "ከአንገቴ በታች ምንም አይሰማኝም" የሚል ታካሚ ከዚህ ጉላት የተነሣ ከሰውነቱ ጋር ፈጥኖ ሊገናኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ የሚያጎላ ነገር የሚያጎላውን አይመርጥም። በቺካጎ የተካሄደና በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተመራማሪዎቹ 42 ጤናማ ፈቃደኞችን በሦስት ቡድን ከፍለው፣ ለአንዱ 7.5 ሚሊግራም ቲኤችሲ፣ ለሌላው 12.5 ሚሊግራም፣ ለሦስተኛው ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበትን እንክብል ሰጧቸው፤ ቀጥሎም በሰው ፊት የማስመሰል የሥራ ቃለ መጠይቅ እንዲሰጡና ከትልቅ ቁጥር በቃላቸው እየቀነሱ እንዲቆጥሩ አደረጓቸው። አነስተኛውን መጠን የወሰዱት ጭንቀታቸው ቀለል ሲላቸው፣ ከፍተኛውን የወሰዱት ግን ይበልጥ ተረበሹ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 5 ሚሊግራም ብቻ ነው። በኮሎራዶ ሱቆች በሚሸጥ የሚበላ የካናቢስ ምርት እንደ አንድ ጊዜ መጠን የሚቆጠረው 10 ሚሊግራም፣ ማለትም በሁለቱ መካከል የሚያርፍ መሆኑን ሳስብ፣ "ትንሽ ብቻ ነው የምወስደው" የሚለው አነጋገር ምን ያህል አሳሳች እንደ ሆነ ይታየኛል። በዚያ ላይ ቲኤችሲ የልብ ምትን ያፈጥናል። ትኩረቱን በደረቱ ላይ ያደረገ፣ ቀድሞም በድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት የሚሠቃይ ሰው፣ ይህን ፍጥነት አስቀድሞ ካልተነገረው የአደጋ ምልክት አድርጎ ሊወስደውና የሚፈራውን ጥቃት ራሱ ሊያስነሣበት ይችላል።

በአስተውሎት መጠቀም የሚባለው እንግዲህ ከዚህ የሚመነጭ የአሠራር ጥንቃቄ ነው። ኃላፊነት የሚሰማው ባለሙያ መጀመሪያ ያለ ካናቢስ ተደጋጋሚ ቀጠሮ ይይዛል፤ ታካሚው ሲጨነቅ ራሱን ማረጋጋት መቻሉን በዚያ ያያል። የሥነ አእምሮ ሕመም፣ በተለይ ከእውነታ የመለየት ሕመም፣ በታካሚው ወይም በቤተሰቡ ታይቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ስሜት እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልበት ባይፖላር የተባለው ሕመም፣ የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ የሚወሰዱ መድኃኒቶችም ይጠየቃሉ። ጫት የሚቅም ሰው ይህን መደበቅ የለበትም፤ ጫትም በበኩሉ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋልና። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ለዚህ ዘዴ ተስማሚ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሰውነቱ ስለ ተላመደ ተጨማሪው መጠን ማደንዘዙን እንጂ ማስተዋሉን አይጨምርለትም።

በዋናው ቀን ብዙውን ጊዜ ካናቢሱን በሕግ ከተፈቀደ ሱቅ ገዝቶ የሚመጣው ታካሚው ራሱ ነው። ከሚበላው ይልቅ በትነት የሚሳበው የሚመረጥበት ምክንያት አለ። የሚሳበው በደቂቃዎች ውስጥ ስለሚሰማ፣ ጥቂት ወስዶ፣ ጠብቆ፣ ካስፈለገ መጨመር ይቻላል፤ የሚበላው ግን እስኪሰማ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ሊወስድ፣ ከዚያም ለብዙ ሰዓታት ሊቆይ ስለሚችል፣ አንዴ ከበዛ ማስተካከያ የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍል ከላይ ከተገለጸው አካል ተኮር ሥራ ብዙ አይለይም፤ ታካሚው ይጋደማል፣ ዓይኑን ይሸፍናል፣ ባለሙያው ግን ከወትሮው ያነሰ ይናገራል። ዕፁ ከለቀቀ በኋላ በሚኖሩት ቀጠሮዎች የታየውና የተሰማው ነገር በሰከነ አእምሮ ይመረመራል። በዚያው ቀን መኪና መንዳት ስለማይፈቀድ ታካሚውን የሚወስድ ሰው ቀድሞ ይዘጋጃል።

አጥብቄ የምናገረው ስለ ትዝታና ስለ ንክኪ ነው። በ2020 የታተመና 64 ሰዎች የተሳተፉበት የኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ካናቢስ ሰዎች ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርገው የማስታወስ ዝንባሌያቸውን እንደሚጨምር አሳይቷል። በሕፃንነት የደረሰ በደልን በሚመረምር ሕክምና ውስጥ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያው ባለማወቅ የሰነዘረው ግምት በታካሚው አእምሮ እንደ ትዝታ ሊተከል፣ ከዚያም ቤተሰብን ሊበትን ይችላል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት የመጣ ምስል እንደ ማስረጃ ሊቆጠር አይገባም። አካል ተኮር ሕክምና አንዳንድ ጊዜ በእጅ መንካትን ይጨምራል፤ በዕፅ ሥር ያለ ሰው ግን እምቢ የማለት አቅሙ ይደክማል። የትኛው ንክኪ እንደሚፈቀድ ካናቢሱ ከመወሰዱ በፊት በጽሑፍ መወሰን፣ በመካከል ታካሚው መቀነስ እንጂ መጨመር እንዳይችል መስማማት ያስፈልጋል። ይህን የማያደርግ ባለሙያ የቱንም ያህል ቢመሰገን መተው አለበት።

ዘዴው ይፈውሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ በምርምር የተደገፈ አዎንታዊ መልስ እስካሁን የለም። በ2019 ላንሴት ሳይካያትሪ በተባለው መጽሔት የወጣ፣ 83 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ ካናቢስና ከእርሱ የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ድብርትን፣ ጭንቀትንና ከአደጋ በኋላ የሚከሰት የአእምሮ ሕመምን ስለ ማከማቸው ያለው ማስረጃ እጅግ አነስተኛ ነው ሲል ደመደመ። በ2021 ውጤቱ የታተመው፣ 80 የቀድሞ አሜሪካውያን ወታደሮች የተሳተፉበት ጥናት የሚጨስ ካናቢስን ቲኤችሲ ከሌለበት ቅጠል ጋር አወዳድሮ፣ ሁሉም ቡድኖች መሻሻል ቢያሳዩም በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት እንደሌለ አገኘ። እርግጥ ነው፣ በዚያ ጥናት ወታደሮቹ ዕፁን የወሰዱት በራሳቸው ነው፤ ከአካል ተኮር ሕክምና ጋር አልተጣመረም፤ ስለዚህ ውጤቱ ይህን ዘዴ በቀጥታ አይመዝነውም። እኔ የምረዳው፣ የሚጠቅመው ነገር ካለ አብዛኛው የሚመጣው ከዝግጅቱ፣ ከባለሙያው ጋር ካለው መተማመንና ከትኩረቱ መሆኑን ነው። በሌላ በኩል፣ በ2019 በዚያው መጽሔት የታተመ፣ በአውሮፓ ከተሞችና በብራዚል የተካሄደ ጥናት፣ ቲኤችሲው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ካናቢስ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ከእውነታ በሚለይ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ፈጽሞ ከማይወስዱት ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አግኝቶታል።

በዴንቨር፣ በሜሪላንድና በቨርጂንያ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ከጤናው ባልተናነሰ የሚያሳስበው ሕጉ ነው። ግዛቱ ቢፈቅድም የኢሚግሬሽን ጉዳይ የሚታየው በፌዴራል ሕግ ነው፤ የአሜሪካ የዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በሚያዝያ 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ የካናቢስ አጠቃቀም እንኳ ለዜግነት የሚጠየቀውን መልካም ሥነ ምግባር ሊያሳጣ እንደሚችል ገልጿል። ዜግነት ያላገኘ ሰው ወደዚህ ሕክምና ከመሄዱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ማማከር አለበት። የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ ይዘው የሚሠሩም፣ የፌዴራል የሽንት ምርመራ ከተወሰደ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ የዕፁን ቅሪት ስለሚያገኝ፣ "በሕክምና ነው የወሰድኩት" የሚለው ማስረዳት አያድናቸውም። እስራኤል ከአደጋ በኋላ ለሚከሰት የአእምሮ ሕመም በሐኪም ፈቃድ ካናቢስ ትፈቅዳለች፤ በኢትዮጵያና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግን ዕፁን መጠቀም በእስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል ነው።

መንገዱ በሕግ ወይም በጤና ምክንያት የተዘጋበት ሰው አካል ተኮር ሕክምናውን ያለ ካናቢስ ማግኘት ይችላል፤ ዘዴዎቹ ሁሉ የተቀረጹት ያለ ዕፅ ነው። መንገዱ ክፍት የሆነለትም ቢሆን ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ባለሙያውን፣ የሥነ ልቦና ሕክምና ፈቃድዎን የሰጠዎት ማን ነው፣ በመካከል ፍርሃት ቢይዘኝ ምን ያደርጋሉ፣ በዕለቱ ሐሳቤን ቀይሬ አልወስድም ብል ቀጠሮው እንዴት ይሆናል ብሎ ይጠይቅ። ለመጨረሻው ጥያቄ፣ "ያለ ካናቢስ እንደ ወትሮው እንሠራለን" የሚል መልስ ካላገኘ ሌላ ባለሙያ ይፈልግ።