ኦል-አሜሪካን ምንድን ነው?

በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል፣ ማለትም በሞላላዋ ኳስ በሚካሄደው ጨዋታ፣ በአንድ የውድድር ዘመን በየቦታቸው ልቀው የታዩ ተጫዋቾች የሚካተቱበት የክብር ቡድን ኦል-አሜሪካን ይባላል። ቡድኑ ሜዳ ገብቶ አይጫወትም፤ የስም ዝርዝር ነው። ያውም አንድ ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ማንኛውም ጋዜጣ የራሱን ኦል-አሜሪካን ቢያወጣ ከልካይ የለውም። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ግን የሚቆጥረው የአምስት መራጮችን ብቻ ነው፦ የአሶሺየትድ ፕሬስን፣ የአሜሪካ ፉትቦል አሠልጣኞች ማኅበርን፣ የፉትቦል ጸሐፊዎች ማኅበርን፣ የስፖርቲንግ ኒውስን እና የዋልተር ካምፕ ፋውንዴሽንን። ከአምስቱ ቢያንስ ሦስቱ በአንደኛ ቡድናቸው ያሰፈሩት ተጫዋች «ኮንሰንሰስ»፣ አምስቱም የተስማሙበት ደግሞ «ዩናኒመስ» ይባላል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች «ኦል-አሜሪካን ነበር» ሲባል ማን እንደመረጠውና ስንተኛ ቡድን እንደገባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት በግምት የሚወጣ ዝርዝርም አለ፤ እሱ ክብር ሳይሆን ትንበያ ነው።

የመጀመሪያው ቡድን በ1889 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 11ዱም ተጫዋቾች ከሃርቫርድ፣ ከዬልና ከፕሪንስተን ነበሩ። ዛሬ ማጥቃትና መከላከል የየራሳቸው 11 ሰው አላቸው፤ ኳስ መቺዎችም ለብቻቸው ይመረጣሉ። በማጥቃቱ በኩል የተለመደው አሰላለፍ አንድ ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር)፣ ሁለት ራኒንግ ባክ (ኳስ ይዘው የሚሮጡ)፣ ሁለት ዋይድ ሪሲቨር (የተወረወረ ኳስ የሚቀበሉ)፣ አንድ ታይት ኤንድ (የሚቀበልም የሚከላከልም) እና አምስት የመስመር ተጫዋቾች፣ ማለትም አንድ ሴንተር፣ ሁለት ጋርድና ሁለት ታክል ነው። የዚህ ክብር ትልቁ ቁም ነገር እነዚህ አምስቱ ናቸው። ኳሷን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ አቀብሎ ወዲያው ከፊቱ ካለው ግዙፍ ሰው ጋር የሚገፋፋው ሴንተር በያርድ የሚለካ ርቀትም ነጥብም አይመዘገብለትም። ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች በሚሰጠው የሃይዝማን ዋንጫ አንድም ታክል፣ ጋርድ ወይም ሴንተር አሸንፎ አያውቅም። እዚህ ግን ከኳርተርባኩ እኩል ወንበር አለው።

ችግሩም ከዚሁ ከቦታ ድልድል ይመጣል። ግማሹን ዘመን ጋርድ፣ ግማሹን ታክል ሆኖ የተሰለፈ ልጅ ድምፁ በሁለት ቦታ ይከፈልበታል፤ ለኳርተርባክ ደግሞ ወንበሩ አንድ ስለሆነ ሁለት ድንቅ ልጆች በአንድ ዓመት ከወጡ አንዱ ይወድቃል። ዝርዝሮቹ በአብዛኛው የሚወጡት በታኅሣሥ፣ የሻምፒዮናው ጨዋታ ሳይደረግ ነው፤ በጥር የሚታየው ብቃት አይቆጠርም።

መቅረቱ ውሎ አድሮም ዋጋ ያስከፍላል። አትላንታ በሚገኘው የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ በተጫዋችነት ለመግባት ከታወቁት መራጮች በአንዱ አንደኛ ቡድን ውስጥ መመረጥ ግዴታ ነው። በፕሮፌሽናል ሊግ አራት ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉን የፍጻሜ ዋንጫ፣ ያነሣው ኳርተርባኩ ጆ ሞንታና በኖትርዳም ዩኒቨርሲቲ ሳለ ስላልተመረጠ በሩ ተዘግቶበታል።