ጥምር ዜግነት ላላት ሰው በጋብቻ ላስት ኔም መቀየር ምንድን ነው?

አገባሽ እንበል። ፊርማው አለቀ፣ ሰርተፊኬቱም እጅሽ ገባ። ስምሽ ግን ገና አልተቀየረም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የጋብቻ ሰርተፊኬት ስም ለመቀየር የሚያበቃሽ ማስረጃ ነው እንጂ ራሱ የትም ሄዶ ስምሽን አያስተካክልም። መቀየሩም ግዴታ አይደለም። ባትፈልጊ በነበረው ትቀጥያለሽ።

የሁለት አገር ዜጋ ስትሆኚ ደግሞ ስምሽ ያለው ሁለት መዝገብ ላይ ነው። አሜሪካ ያስቀየርሽውን ለንደን አያውቀውም። እያንዳንዱን አገር በየራሱ ሕግና በየራሱ ፎርም መጠየቅ አለብሽ። ጉዳዩ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ጣጣው ያለው ሁለቱ አገሮች የሚጠይቁት ነገር የተለያየ ሲሆን ነው።

መጀመሪያ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው፣ አንዳንድ መብት ይሰጣል እንጂ ዜግነት አይሰጥም። ስለዚህ ሐበሻ ሆና ሁለት ፓስፖርት የያዘች ስንል አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝና የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአሜሪካ፣ የካናዳና የእንግሊዝ እያልን ነው።

ሁለተኛው ነገር የኛው አሰያየም ነው። ሰላም ከበደ ተሰማ የምትባል ሙሽራ እንውሰድ። ዮናስ ኃይሌ ወልዴን አገባች። የሱ የአሜሪካ ፓስፖርት ላይ ላስት ኔም ተብሎ የተጻፈው ወልዴ ነው፣ ማለትም አያቱ። እሷ "የባሌን ስም ልውሰድ" ስትል በወረቀት ሰላም ወልዴ ትሆናለች። የወሰደችው የባሏን ስም ሳይሆን ምናልባት በሕይወት አግኝታቸው የማታውቃቸውን የአያቱን ስም ነው! አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ማስረጃዋ፣ የባንክ ደብተሯና የልደት ሰርተፊኬቷ ላይ ግን አሁንም ሰላም ከበደ ነች። የኛ አገር ሕግም ከዚያው ጎን ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያገባች ሴት የራሷን የቤተሰብ ስም ይዛ ትቀጥላለች።

አሁን ሰላም የአሜሪካና የእንግሊዝ ዜጋ ናት እንበል። አሜሪካ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። በጋብቻ ሰርተፊኬቱ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት የማኅበራዊ ዋስትና) ቢሮ ትሄዳለች፣ ቀጥላ መንጃ ፈቃዷን፣ ከዚያ ፓስፖርቷን ታስቀይራለች። ፓስፖርቱ ከወጣ ዓመት ካልሞላው ዲኤስ 5504 በሚባለው ፎርም ያለ ክፍያ ይቀየርላታል፤ ዓመት ካለፈው ግን እንደ እድሳት ይከፈልበታል። ሰርተፊኬቱ ኦሪጅናል ወይም መንግሥት ያረጋገጠው ቅጂ መሆን አለበት፣ ተራ ፎቶ ኮፒ አይቀበሉም።

እንግሊዝ ጠበቅ ትላለች። የፓስፖርት ቢሮው አንድ ሰው በሁለት ስም እንዲዞር አይፈልግም። የሌላ አገር ፓስፖርት ካለሽ የዚያን ፓስፖርት ገጽ በሙሉ ባለቀለም ኮፒ አድርገሽ እንድትልኪ ይጠይቃል። እዚያ ላይ ያለው ስም ካመለከትሽበት ጋር ካልገጠመ "መጀመሪያ ያኛውን አስተካክይ" ይልሻል። የዚያኛው አገር ሕግ ስም መቀየር የማይፈቅድ ከሆነ ያንን በማስረጃ ለምታሳይ ሰው ልዩ አሠራር አላቸው፣ ግን ማስረዳቱ ያንቺ ፈንታ ነው። ስለዚህ ለሰላም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ከዚያ አዲሱን የአሜሪካ ፓስፖርትና የጋብቻ ሰርተፊኬቱን ይዛ እንግሊዝ። ገልብጣ ከጀመረች ማመልከቻው ተመልሶ ይመጣባታል፣ ጊዜዋም ይባክናል።

ጭራሽ የማይፈቅድ ቦታም አለ። የካናዳዋ ክፍለ ግዛት ኩቤክ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ያገባች ሴት በትውልድ ስሟ ነው የምትቀጥለው። ሞንትሪያል የምትኖር ሐበሻ "ባሌ ፈቅዷል፣ እኔም ፈልጌያለሁ" ብትል በጋብቻ ብቻ አይቀየርላትም። ስለዚህ ከመነሳትሽ በፊት ከሁለቱ አገሮች ጥብቁ የትኛው እንደሆነ እወቂና ከሱ ሕግ ተነስተሽ ወስኚ።

ጉዞ ላይ ደግሞ ትኬት የሚቆረጠው በምትጓዢበት ፓስፖርት ላይ ባለው ስም ነው። ቪዛም እንደዚያው። የአሜሪካ ዜጋ ወደ አሜሪካ ሲገባም ሲወጣም በአሜሪካ ፓስፖርት መሆን አለበት፣ ሌላ ቢኖረውም። እና ለጫጉላ ሽርሽር ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ስም መቀየር አትጀምሪ። በድሮው ስምሽ ሄደሽ ነይ፣ ከዚያ በተረጋጋ መንፈስ ጀምሪው። ለጊዜው ሁለቱ ፓስፖርቶችሽ ላይ ስሙ ከተለያየ የጋብቻ ሰርተፊኬቱን የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ያዢ፣ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ አገር ቤት ያለው ንብረት ነው። የቤት ካርታው "ሰላም ከበደ ተሰማ" ይላል። ፓስፖርቷ "ሰላም ወልዴ"። ለወንድሟ ውክልና ልትልክ ስትል፣ ወይም ውርስ ላይ ስሟ ሲጠራ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስረጂ ትባላለች። የተረጋገጠ የጋብቻ ማስረጃ፣ የድሮ ፓስፖርት፣ አንዳንዴም የፍርድ ቤት ውሳኔ ሊያስፈልጋት ነው። ይህን ከባሕር ማዶ ሆኖ ማሯሯጥ ምን ያህል እንደሚያደክም ዘመድ የላከ ያውቀዋል። የሚሸጥ ወይም የሚዘዋወር ነገር ካለሽ ከስም ቅያሬው በፊት ጨርሺው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ የአባቴን ስም አልጥልም። ግን "ከልጆቼ ጋር አንድ ስም ይኑረን" የምትል እናት ምክንያቷ ይገባኛል፤ ልጅ ይዞ ድንበር ላይ "ያንቺ ልጅ ነው?" መባል ደስ አይልም። ለእሷ የምመክራት መሀል መንገድ አለ። የስቴቷ ሕግ ከፈቀደ የአባቷን ስም ሚድል ኔም አድርጋ የባሏን ላስት ኔም መውሰድ ነው፦ ሰላም ከበደ ወልዴ። ከበደ ፓስፖርቱ ላይ እስካለ ድረስ አዲስ አበባ ካለው ወረቀት ጋር ማገናኘቱ ይቀላል። የድሮውን ፓስፖርት ደግሞ ጊዜው አልፎበታል ብለሽ እንዳትጥይው፤ ከጋብቻ ሰርተፊኬቱ ጋር አንድ ፖስታ ውስጥ አስቀምጪው።